የኢትዮጵያና የጃፓን የቀድሞ ወዳጅነት

ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር የሩቅ ምሥራቅ ነገር ቢመስልም ሥሩ ለደጎሎ ሰው ቅርብ ነው፡፡ ከደጎሎ በስተ ሰሜን ባለው በወረኢሉ፥ በጥቅምት ወር 1888 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ለዐድዋ ዘመቻ ተሰበሰበ፡፡ በስተ ደቡብ ከወንጭት ማዶ ባለው በመርሐቤቴ ደግሞ፥ በኋላ ወደ ጃፓን የተላኩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ተወለዱ፡፡

ከዐድዋ ድል ዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ በ1897 ዓ.ም. ጃፓን መስኮብን አሸነፈች፡፡ ከዚያ ወዲህ የተማሩት ኢትዮጵያውያን ጃፓንን፥ ንጉሧንና ሃይማኖቷን ሳትለቅ ጥበብን የተማረች አገር ናት እያሉ በምሳሌነት ያነሧት ጀመር፡፡ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁትና ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የጸናው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም ከጃፓኑ ሕገ መንግሥት ብዙ ነገር የተቀዳበት ነው፡፡

ሁለቱ መንግሥታት በ1919 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ውል፥ በኅዳር 1923 ዓ.ም. ደግሞ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ፡፡ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኅሩይም በጥቅምት 1924 ዓ.ም. ጃፓን ገብተው ለንጉሠ ነገሥቱ ለሂሮሂቶ ቀረቡ፡፡ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚለው መጽሐፋቸው ጻፉ፡፡ አብረዋቸው የሄዱት ልጅ አርአያ አበበ ከአንዲት የጃፓን መኳንንት ልጅ ጋር ሊጋቡ ነው ተብሎ በዓለም ጋዜጦች ተወራ፤ ነገሩ በ1926 ዓ.ም. ፈረሰ፡፡ ብዙ ሰው የሚያነሣው ይህን ወሬ ነው፡፡ እኛ ግን ከጋብቻው ይልቅ አቡጀዲው ይበልጥ ያስረዳል እንላለን፤ በዚያን ዘመን በርካሽ ዋጋው የኢትዮጵያን ገበያ የያዘው የጃፓን ጨርቅ ነበርና፡፡ ኅሩይ በጃፓን የሚፈልጉት መካሪና አጋር ነበር፤ የጃፓን መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ግን ገበያ ነበር፡፡

መከራው ሲመጣ ይህ ልዩነት ተገለጠ፡፡ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በሮማ የነበረው የጃፓን አምባሳደር፥ መንግሥቱ በኢትዮጵያ የፖለቲካ ጥቅም እንደሌለው ለሙሶሊኒ ነገረው፡፡ እውነቱን ለመናገር ይህን የሰማ የጃፓን ሕዝብ ተቈጥቶ ለኢትዮጵያ ወግኗል፤ መንግሥቱ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም፡፡ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈተውን ሌጋሲዮን ዓመት ሳይሞላው ወደ ቆንስላነት አወረደ፤ ይህም የኢጣልያን ወረራ ማወቁ ነበር፡፡ ኢጣልያም በበኩሏ ጃፓን በማንቹርያ ያቆመችውን መንግሥት በኅዳር 1930 ዓ.ም. አወቀች፡፡

መልእክተኛ ተልኮ ያልተወደሰችው ቻይና ግን፥ ራሷ በጃፓን ጦር እየተወጋች ሳለ፥ የኢጣልያን ግዛት ካላወቁት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆነች፡፡

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ዐረፉ፡፡ ከጦርነቱ በኋላ ወዳጅነቱ ታድሶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ጃፓንን ሲጐበኙ፥ ኅሩይ ከሞቱ 18 ዓመት አልፎ ነበር፡፡