ከቀመሩ በፊት ድምፁ

የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ በተለመደው አካሄድ መጀመሪያ ሰርኪዩት ይማራል፤ ቀጥሎ የላፕላስና የፎሪየር ትራንስፎርም ይመጣሉ። ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግ (ዲኤስፒ) ተራው የሚደርሰው ተማሪው በቀመር ከደከመ በኋላ ነው። ጄምስ ማክሌላን፣ ሮናልድ ሼፈርና ማርክ ዮደር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት «ዲኤስፒ ፈርስት» በተሰኘ መማሪያ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጡት። ሰርኪዩት ገና ያልነካ ተማሪ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር እየደመረና እያባዛ ድምፅና ምስል ይለውጣል፤ ሽቦውና ካፓሲተሩ በኋላ ይደርሳሉ። ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1975 ከአለን ኦፐንሃይም ጋር ከዘርፉ ዋና ዋና መማሪያዎች አንዱን የጻፈ ሰው ነውና፣ አካሄዱን የሰነፍ አቋራጭ ብሎ ማጣጣል ይከብዳል።

የትምህርቱ እንብርት ናሙና መውሰድ ነው። በመደበኛው ዲጂታል የስልክ መረብ የሰው ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ በአንዱ ልኬትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ሁሉ ይጣላል። ታዲያ የተጣለው ለምን አይጎድልም? ቭላዲሚር ኮተልኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1933፣ ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1949 መልሱን አስቀምጠዋል፦ በሲግናሉ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በሰከንድ ከሚወሰደው ናሙና እኩሌታ በታች እስከሆነ ድረስ ዋናውን መልሶ ማግኘት ይቻላል። ተማሪው ይህን ሸምድዶ ፈተና ያልፍበታል። ማመኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የሚያሳምነው ጆሮው ነው። ከዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ተነስቶ እስከ 8,000 ሄርዝ የሚወጣ ፉጨት በኮምፒውተር ይሠራና በሰከንድ 8,000 ናሙና ይደመጣል። እስከ 4,000 ሄርዝ ፉጨቱ እየቀጠነ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ «ጨምር» እያለ ድምፁ ቁልቁል ይወርዳል፤ 5,000 ሄርዝ የተባለው 3,000 ሆኖ፣ 7,000ው 1,000 ሆኖ ይሰማል። 5,000ውና 3,000ው የሚተዉት የቁጥር ረድፍ ስለማይለያይ፣ የትኛው እንደነበረ ከቁጥሮቹ ብቻ መለየት አይቻልም። «በኋላ በሶፍትዌር እናስተካክለዋለን» የሚለው ተስፋ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ የሚያስቀረው ማጣሪያ (ፊልተር) ከመለኪያው በፊት፣ ሲግናሉ ገና አናሎግ ሳለ መግባት አለበት።

በነገራችን ላይ ሲዲ በሰከንድ የሚይዘው 44,100 ናሙና ከጆሮ ብቻ የመጣ ቁጥር አይደለም። ጆሮ እስከ 20,000 ሄርዝ ገደማ ይሰማልና ከ40,000 በላይ ያስፈልጋል፤ ትክክለኛውን አኃዝ የወሰነው ግን ዲጂታል ድምፅ ይቀዳበት የነበረው የቪዲዮ ቴፕ ነው። በአንድ መስመር 3 ናሙና፣ 245 መስመር፣ በሰከንድ 60 ፊልድ፦ ሲባዛ 44,100 ይሆናል።

«ቁጥር ይቅደም» የሚለው አካሄድ የራሱ ጉድለት አለው። ተዘጋጅቶ በተሰጠው ፋይል ብቻ የሚሠራ ተማሪ፣ ሽቦ ከመብራት መስመር የሚለቅመውን ረብሻ በእጁ አያገኘውም። የልብን የኤሌክትሪክ ሲግናል የሚመዘግበው ኢሲጂ እዚህ ላይ ጥሩ መምህር ነው። በአሜሪካ የተጻፉ መማሪያዎች ምሳሌያቸውን በአገራቸው የመብራት መስመር 60 ሄርዝ መሥራት ይቀናቸዋል፤ የኢትዮጵያ መስመር 50 ሄርዝ ነው፤ ቁጥሩን ሳይቀይር የገለበጠ ተማሪ ረብሻው እንዳለ ይቀርበታል። የልቡ ሲግናል በሰከንድ 500 ጊዜ ከተለካ፣ 10 ተከታታይ ናሙናዎች የ50 ሄርዙን አንድ ሙሉ ዑደት ይሸፍናሉ። የእነሱን አማካይ መውሰድ ብቻውን ረብሻውን ያጠፋዋል፤ መደመርና ማካፈል ብቻ!

ዋጋው የሚታየው ግራፉ ሲሳል ነው። የልብ ምቱ ሹል ክፍል ጠቅላላ ርዝመቱ 0.1 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ፣ የ0.02 ሰከንድ አማካይ ጫፉን ያዶለዱመዋል። በ50 ሄርዝ ዙሪያ ብቻ የሚቆርጥ ፊልተር ሲፈለግ፣ ዜድ ትራንስፎርም ያኔ ከፈተና ጥያቄነት ወጥቶ መሣሪያ ይሆናል፦ 50 ሄርዙን የሚያጠፋው ዜሮ በዩኒት ሰርክሉ ላይ በ36 ዲግሪና በ−36 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ፖሉ በዚያው ማዕዘን ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ፖሉ ወደ ክቡ በቀረበ ቁጥር የሚቆረጠው የፍሪኩዌንሲ ክልል ይጠብባል፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ፊልተሩ ራሱ የሚፈጥረው ንዝረት ግን ረዘም ብሎ ይቆያል።