ሐይቅና አምባሰል፦ የምንጠራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት

ወሎ ውስጥ የደን ነገር ሲነሣ ሁሉም የሚቀበለው ታሪክ አለ፤ ድሮ አገሩ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር፣ በአባቶቻችንና በእኛ ዘመን ተመንጥሮ አለቀ የሚል። ከሐይቅ ወለል ተቆፍሮ የወጣው ደለል ግን ታሪኩን በእጅጉ ያረዝመዋል፤ በመካከሉም ደኑ ተመልሶ የበቀለበት ዘመን እንደነበር ያሳያል።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በተሁለደሬ ወረዳ ይገኛል። ገባር ወንዝ እንጂ ፈሶ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ስለዚህ ከተረተሩ የታጠበው አፈር፣ ነፋስ ያመጣው የአበባ ብናኝ፣ ከሰደድ እሳት የተረፈው የከሰል ፍርፋሪ ሁሉ ወለሉ ላይ ይዘቅጣል። ኢየን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና መሐመድ ዑመር ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ወለል የወጣውን ደለል መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። እንደ ጥናታቸው ከሆነ የዝግባና የጽድ ደን አካባቢውን ሸፍኖ የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 500 ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ ደኑ ተመነጠረ፤ በቦታው ክትክታና ሣር በቀለ። ክትክታው የቆየው ለ1,800 ዓመት ያህል ነው።

ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የመጡት እ.ኤ.አ. በ1248 ነው። ይኩኖ አምላክ የነገሠው በ1270 ነው። በዚያ ዘመን ከገዳሙ ደጅ ቆሞ ወደ ተራራው ያየ መነኩሴ ፊት ለፊቱ የነበረው፣ እኛ ዛሬ የተራቆተ የምንለውን ዓይነት የክትክታና የሣር ተዳፋት ነበር ማለት ነው። ክትክታ ለምን ይህን ያህል ጸና ቢባል አንዱ ምክንያት ቅጠሉ ነው፤ የሚያብረቀርቅና እጅ ላይ የሚጣበቅ ስለሆነ ከብትና ፍየል አይወዱትም። ሌላው ሁሉ ሲጋጥ እሱ ይተርፋል። ቀላልና ክንፍ ያለው ፍሬውንም ነፋስ ይዞለት ይሄዳል።

ቀጥሎ የሆነው ይበልጥ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጽድ፣ ከእርሱም ጋር ወይራና ቀውት ተመልሰው ደን ሆኑ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የግራኝ አሕመድን ጦርነት ያስባል፤ ሠራዊቱ ሐይቅ የደረሰው በ1531 ነውና። ሕዝብ ሲሸሽና ማሳው ሲታጎል ዳዋ መዋጡ፣ ከዳዋው ውስጥም ዛፍ መነሣቱ የሚታመን ነው። ሆኖም ደኑ መመለስ የጀመረው ከጦርነቱ መቶ ዓመት ቀድሞ በመሆኑ፣ በእኔ ግምት ጦርነቱ ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ የዝናቡም መጨመር ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የማያጠራጥረው ነገር የወሎ ተዳፋት ፋታ ሲያገኝ ደን ማብቀል መቻሉ ነው። ካለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ወዲህ ግን ምንጠራውም የአፈር መሸርሸሩም በርትቷል።

በዚህ መካከል የመጣው ክፉ ቀን ደግሞ ነገሩን ለጊዜው ገልብጦት ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የከብት በሽታው በሬውን ሲፈጀው ማሳ ያለ አራሽ ቀረ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለመኳንንቱ አርአያ የሆኑት ያን ጊዜ ነው። በሬ የሌለው ገበሬ በዶማ ሊይዝ የሚችለው መሬት ጥቂት ስለሆነ ቀሪውን ቁጥቋጦ ያለብሰዋል። ከዚያ በኋላ የተወለደው ትውልድ እንደገና መንጥሮ አቀናው።

ከዚህ ወዲህ ላለው ዘመን ምሁራኑ አልተስማሙም። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክረሚ ጣሊያን በ1937 እ.ኤ.አ. ያነሣቸውን የወሎ ፎቶግራፎች ይዞ እየዞረ፣ በየቦታው እንደገና አነሣቸው። በ1990ዎቹ የታየው ዛፍ ከድሮው እንደሚበልጥ በ1998 ጻፈ። በሌላ በኩል ከብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ ከዚያው ከደቡብ ወሎ፣ ከቃሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1958ና በ1986 የተነሡ የአየር ፎቶግራፎችን አነጻጽረው ቁጥቋጦውና ደኑ ቀንሶ የተራቆተው መሬት መስፋቱን አሳዩ። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስሉኛል። በየቤቱ ዙሪያ ገበሬው የተከለው ባሕር ዛፍ በዝቷል፤ በየተረተሩ ማንም ያልተከለው ቁጥቋጦ ግን አልቋል። ዛፍ ስንቆጥር ቁጥቋጦውን ሳንቆጥር ኖረናል።

ቁጥቋጦውን የሚያውቀው የመነጠረው ሰው ነው። ሥራው በበጋ ይያዛል፤ ሰፊ ከሆነ በደቦ ይወጣል። መጀመሪያ ገጀራው የሚገጥመው ቆንጥርን ነው፤ እሾኹ ወደ ኋላ የተቆለመመ ስለሆነ ልብስ ከያዘ አይለቅም። ቀጋውና አጋሙ ተቆርጦ ለአጥር ይጎተታል፤ ክትክታው ለማገዶ ይታሰራል። ከዚያ የባሰው ሥራ ይመጣል። ጉቶው በዶማ ከነሥሩ ካልተነቀለ ክረምት ሲገባ እንደገና ያቆጠቁጣል። በተዳፋት ላይ ደግሞ ሥሩ የተነቀለ አፈር የመጀመሪያውን ኃይለኛ ዝናብ አይችልም፤ ጎርፉ ይዞት ይወርዳል።

ቁጥቋጦው በችግር ጊዜ ምን እንደሚጠቅም የሐይቅ ጎረቤት የሆነው አምባሰል ያውቃል። ተመራማሪው ደሳለኝ ራህመቶ የ1977 ዓ.ም. ረኀብን ያጠናው በዚሁ አገር ነው። እህል ያለቀበት ቤተሰብ ከተረተሩ ማገዶ ለቅሞ ይሸጣል፣ ከሰል ያከስላል፣ የዱር ፍሬና ቅጠል ይበላል። ቁጥቋጦው ያን ጊዜ ጎተራ ነበር። ደርግ ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለአራሹ ካወጀ በኋላ ብዙ ተረተር ከልሎ፣ በእህል ክፍያ እርከን አሠርቶ፣ ችግኝ አስተከለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ገበሬው ግጦሹንና ማገዶውን ያለ ፈቃዱ የተነጠቀ መሰለው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው የተከለለው ተጨፈጨፈ። ባለቤት የሌለው ክልል ጠባቂ የለውም።

ስለ ተከለለ ተረተር ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በትግራይ በተከለሉ ተዳፋቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የወይራ ቡቃያ በብዛት የሚገኘው ገላጣ ቦታ ላይ ሳይሆን ደደሆና መሰል ቁጥቋጦዎች ሥር ነው። ወፍ ቁጥቋጦው ላይ አርፋ ዘሩን ትጥላለች፤ ጥላው ቡቃያውን ከፀሐይ ያድነዋል፤ ቅርንጫፉም ከፍየል ይከልለዋል። ገጀራ ይዞ የገባ ሰው የሚቆርጠው ደደሆውን ብቻ ይመስለዋል፤ ከሥሩ ያለችውን የጣት ርዝመት ወይራ አያያትም። ለችግኝ ገንዘብ አፍስሰን፣ እግዜር የተከለውን በዚያው ሳምንት እንመነጥራለን።

ሜዳ ላይ ታጉሎ ዳዋ የዋጠው ማሳ ይመንጠር፤ እህል የሚያስፈልገው ሕዝብ ነው፣ ይህን የሚቃወም ካለ የአምባሰልን ገበሬ አያውቅም። ተዳፋቱ ግን ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት ይከለክል ነበር፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት የጠረጴዛ እርከን ከተሠራለት ብቻ ነበር። ስለዚህ የሐይቅና የአምባሰል ቀበሌዎች የመሬት ኮሚቴዎች ሆይ፣ ዘንድሮ በበጋ ደቦው ከመውጣቱ በፊት ውጡና ተዳፋቱን ለኩ፤ ወይራና ጽድ የበቀለበትን ቁጥቋጦ ምልክት አድርጉበት፤ ሣሩን አጭዶ የሚወስደው፣ ማገዶውን የሚለቅመው ማን እንደሆነም ከገበሬው ጋር ተቀምጣችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።