ግማሽ ኪሎ ቡና

በ1975 ዓ.ም. ክረምት፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመጣ ኬላ ላይ ተፈተሽን። አጠገቤ የተቀመጡት እናት መቀነታቸው ውስጥ የቋጠሩት ግማሽ ኪሎ ቡና ተገኘባቸው። «የጓሮዬ ነው እኮ ልጄ!» ቢሉም ሰሚ አላገኙም። «ለውጭ ገበያ ነው የሚፈለገው እማማ» አላቸው ፈታሹ፤ ወሰደው።

ያኔ የገባኝ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ለንደን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የተፈረመውና ጽሕፈት ቤቱ ለንደን የሆነው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ለላኪ አገሮች ኮታ ይደለድል ነበር። ዋጋ ሲወርድ ኮታው ይጠባል፤ ሲወጣ ይሰፋል። በ1980ዎቹ ሊጠብቅ የሚሞክረው ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ1.20 እስከ 1.40 ዶላር ነበር። ነፃ ገበያን የምትሰብከው አሜሪካም ፈርማለች። ለገበሬው አዝና እንዳይመስላችሁ! ከኩባ አብዮት ወዲህ የላቲን አሜሪካ ድህነት ኮሚኒዝምን እንዳይጠራ ሰግታ ነው።

ስጋቱ ሲበርድ ውሉም ላላ። አምራቾቹም በድርሻ ተጣሉና እ.ኤ.አ. በ1989 ኮታው ቀረ። በየመጋዘኑ የተከማቸው ቡና ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ቆይቶም የቬትናም ምርት ተጨመረበት። በ2001 የዓለም አማካይ ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ጥቂት አልነበረም።

ታዲያ ቁጥጥሩ ይሻል ነበር እንበል? እዚህ ላይ እኚያ እናት ትዝ ይሉኛል። ለንደን ዋጋውን ደግፋ ስትይዝ፣ እዚህ የደርግ መንግሥት ከገበሬው በርካሽ እየገዛ ልዩነቱን ለራሱ ያስቀር ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ነጋዴው በሰፊው ሲገባ ገበሬው ከሽያጩ የሚደርሰው ድርሻ ከፍ አለ፤ ግን ዋጋው ራሱ ተናደ። አንዴ ዋጋ ኖሮ ድርሻ ጠፋ፤ አንዴ ድርሻ ተገኝቶ ዋጋ ጠፋ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን አስቀድሜ የምጠይቃቸው «ተራኪው ማነው?» ብዬ ነበር። ዛሬም «ነፃ ንግድ ወይስ ቁጥጥር?» የሚል ክርክር ስሰማ ያው ልማዴ ይመጣብኛል፤ ሚዛኑን የያዘው ማነው? እላለሁ። ለንደንም ሆነ አዲስ አበባ፣ ሚዛኑ አጠገብ ገበሬው ቆሞ አላየሁም። የእኚያ እናት ግማሽ ኪሎም እስከ ዛሬ በማን ስም እንደተመዘገበች አላውቅም።