ከኅዳር በሽታ የተረፉት ሰዎች ደም

ኅዳር 12 ቀን ቂርቆስም ሆነ ካዛንቺስ ያደገ ሰው ጭሱን ያውቀዋል። ግቢ ይጠረጋል፣ ቆሻሻ ይከመራል፣ እሳት ይለኮስበታል። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። የሰፈር ልጆችን ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «የሚካኤል ነዋ!» ይሉኛል። ቀኑስ የሚካኤል ነው፤ ጭሱ ግን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው።

ያኔ ካዛንቺስ የሚባል ሰፈር አልነበረም። ስሙ የመጣው በኋላ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች ነው። አዲስ አበባ ግን ነበረች፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እስከ 10 ሺህ ሰው እንደሞተባት ይነገራል። ራስ ተፈሪም ታመው ነበር፤ ተረፉ።

ጭስ ኢንፍሉዌንዛን አይገድልም። የተረፉት ሰዎች መከላከያቸውን የያዙት በደማቸው ውስጥ ነው። እንዴት?

ቢ ሴል የሚባል ነጭ የደም ሕዋስ አለን። የቀበሌን መዝገብ ቤት አስቡ፤ ዋናው መዝገብ ከክፍሉ አይወጣም፣ የሚወጣው ግልባጩ ነው። የሕዋሱ መዝገብ ዲ ኤን ኤ፣ ግልባጩ አር ኤን ኤ ነው። በሽታ ሳይመጣ በፊት ግልባጩ ረዥም ነው፤ መጨረሻው ላይ ፀረ እንግዳ አካሉን ከሕዋሱ ገላ ጋር የሚያጣብቅ ጭራ አለው። ጀርሙ ሲመጣና ሕዋሱ ሲነቃ ያው ግልባጭ ቀደም ብሎ ይቆረጣል። ጭራው ይቀራል፤ ፀረ እንግዳ አካሉም ተላቆ በሰከንድ በሺዎች እየተመረተ ወደ ደም ይፈስሳል። ተመራማሪዎች ይህን የደረሱበት በፈረንጆች 1980 ነው።

ትምህርቱ ደግሞ በቀላሉ አይጠፋም። በፈረንጆች 2008 በወጣ ጥናት፣ በዚያ ወረርሽኝ ዘመን ልጆች የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ91 እስከ 101 የሆነ 32 አሜሪካውያን ተመረመሩ። የ1911ዱን በሽታ የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ከ90 ዓመት በኋላም በደማቸው ተገኘ። የእኛዎቹን አያቶች ደም ማንም አልመረመረም፤ ሕዋሱ ግን ያው የሰው ሕዋስ ነው።

ኮቪድ አገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ክትባቱ የተጀመረው ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013። በ1911 ሕዋሶቻችን የተማሩት ሕይወት ተከፍሎበት ነው፤ በ2013 በአንድ መርፌ።

የድሮው ካዛንቺስ አብዛኛው ፈርሷል፤ ጎረቤቱም ተበትኗል። የሄዳችሁበት ሰፈር ሁሉ ጭሱን አጭሱ፤ ልጆቹ «ለምን?» ሲሏችሁ ግን ታሪኩን ከነክትባቱ ንገሯቸው።