ወደ ምሕንድስና ተልከው ወደ ብርሃንና ወደ ድምፅ የሄዱ

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ አቋርጦ አዲስ ዘመን ሲደርስ፥ ደን የለበሰውን የጣራ ገዳም ኮረብታ ያያል። በዚህ አገር፥ በገዳሙም ሆነ በደብሩ፥ የበዓል ማኅሌት ሌሊቱን ቆሞ ከንጋት ጋር ይገናኛል። በመጀመሪያ የጧፍ ብርሃን ጥቂት ፊቶችን ብቻ ያሳያል፤ ዜማውም ዝግ ያለ ነው። ከበሮው እየጠነከረ፥ ጽናጽሉ እየፈጠነ ሲሄድ መስኮቱ ይነጣል፤ ሌሊቱም ይነጋል። ብርሃንና ድምፅ በአንድነት የሚያድጉበት ሥርዓት ነው። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም የሚገኙት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነውና፥ ምድሩ ለዜማ ባዕድ አይደለም።

በዘመናችን ብርሃንንና ድምፅን እንደ ሥራ ዕቃ ይዘው አዲስ ነገር ከሞከሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ሁለቱን በዚህ መጽሔት ማንሣት የሚገባን፥ ሁለቱም በወጣትነታቸው ወደ ውጭ አገር የተላኩት መሐንዲስ እንዲሆኑ ስለ ነበረ ነው።

አፈወርቅ ተክሌ በ1932 (እ.ኤ.አ.፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ) በአንኮበር ተወለዱ። በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ዳሩ ግን ዝንባሌአቸው ወደ ሥዕል አደላና በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች፥ በመጨረሻም በስሌድ ተማሩ። በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያ ትርኢታቸውን ካሳዩ በኋላ እንደ ገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው፥ በየቤተ መጻሕፍቱ የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች መረመሩ፤ የባለ ቀለም መስተዋትንም ጥበብ አጠኑ።

የዚህ ጥናት ፍሬ በ1961 በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። መስተዋቱ በሦስት ክፍል ተከፍሎ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የአፍሪካን ያለፈ ጭቆና፥ የነጻነት ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። ሕንፃው ታድሶ በ2024 ዳግም ተከፍቷል።

ለመሐንዲስ ዓይን የዚህ ሥራ ቁም ነገር የት ላይ ነው? በሸራ ላይ የተሣለ ሥዕል ብርሃን ተቀብሎ ይመልሳል፤ መስተዋት ግን ብርሃንን ያሳልፋል፥ እያሳለፈም ያጣራል። ቀዩ መስተዋት ቀዩን ጨረር ለቅቆ ሌላውን ያስቀራል፤ ሰማያዊውም እንዲሁ። ስለዚህ የሠዓሊው የኃይል ምንጭ ፀሐይ ናት፤ እርሷም በጧት፥ በቀትርና በምሽት አንድ ዓይነት አይደለችም። ደመና ሲያልፍ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ሌሊት ከውስጥ ለሚያየው ይጠፋል፤ በአዳራሹ ውስጥ መብራት ሲበራ ደግሞ በውጭ ለቆመው ይታያል። እኛ ተለዋዋጭ ጭነት የምንለውን አፈወርቅ የሥራቸው ሕይወት አደረጉት። በ2012 እርሳቸው ቢያርፉም መስተዋቱ በየቀኑ ይለዋወጣል።

ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 በጅማ ተወለዱ። ምሕንድስና እንዲያጠኑ ወደ ዌልስ ቢላኩም፥ እዚያው ትምህርት ቤት ሳሉ ሙዚቃ አሸነፋቸው። በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፥ ቀጥሎም በቦስተን በርክሊ ገቡ፤ በበርክሊም የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ነበሩ። የመረጡት መሣሪያ ቫይብራፎን ራሱ የምሕንድስና ሥራ ነው፤ ከብረት ንጣፎቹ ሥር ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞሩ ክዳኖች ድምፁን እየከፈቱና እየዘጉ ያርገበግቡታል።

የገጠማቸው ችግር ግልጽ ነበር። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ የጃዝ ስምምነት ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ድምፅ ይጠቀማል። አሥራ ሁለቱ ያለ መጠን ሲደረብባቸው አምስቱ ጠባያቸውን ያጣሉ። ሙላቱ ዜማውን በቅኝቱ ጠብቀው፥ ከሥሩ የጃዝን ስምምነትና የላቲን አሜሪካን ምት አኖሩ። በ1966 በኒው ዮርክ በታተሙት ሁለት ሸክላዎች ተጀምሮ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ የጎለመሰው ይህ ሥራ ኢትዮ ጃዝ ተባለ። ከ2007 እስከ 2008 በሃርቫርድ በቆዩበት ጊዜም ክራርን የማሻሻል ጥናት ያዙ፤ አንዱን ቅኝት ለመተው ሁልጊዜ አውታሩን እንደ ገና መቃኘት ማስፈለጉ ለእርሳቸው ሊፈታ የሚገባ የአሠራር ጥያቄ ነበርና።

እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ሙያችን ያጣቸው ናቸው ማለት ይቻላልን? የዕቃን ጠባይ መመርመር፥ ገደብን ተቀብሎ በገደቡ ውስጥ መሥራት፥ ሞክሮ ማስተካከል የእኛም ሥራ ነው። ልዩነቱ፥ እነርሱ ብርሃኑና ድምፁ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው መጠየቃቸው ነው።

ይህን ጥያቄ እኛ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ወደ አድባራትና ወደ አዳራሾች መብራትና ድምፅ ማጉያ የምናስገባው እኛ ነን። መብራቱ ዓይናቸው ለደከመ አባት ንባቡን ያቀናል፤ ማጉያውም በቅጥሩ ውጭ ለቆመው ምእመን ያሰማል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነጭ ብርሃን የሚረጭ አምፖል ንጋቱን ይሰውረዋል፤ ድምፅ ማጉያውም ከልክ ሲያልፍ የጽናጽሉን ለስላሳ ድምፅ ይውጠዋል። ስሌታችን ትክክል ሆኖ ሳለ ሥርዓቱን ልናበላሽ እንችላለን።

ስለዚህ የመብራትና የድምፅ ዝርጋታ ንድፍ ከማውጣታችን በፊት፥ በዚያ ቤት አንዲት ሌሊት ቆመን ብናድር ይገባል። አፈወርቅ ፀሐይን፥ ሙላቱም አምስቱን ድምፅ ያከበሩትን ያህል፥ እኛም የምንሠራበትን ቤት ጨለማና ጸጥታ በሥራ ዕቃዎቻችን መዝገብ ውስጥ ልንጽፋቸው ይገባናል።