አየርን እንደ ፍሬን፦ የኤሮብሬኪንግ አጀማመርና የቀዳሚነቱ ክርክር

ኤሮብሬኪንግ መንኮራኩር የአንድን ፕላኔት ከባቢ አየር ጫፍ ደጋግማ እየነካች ፍጥነቷን የምትቀንስበት ዘዴ ነው። ሞተር አስነስቶ ነዳጅ በማቃጠል ፈንታ ሥራው ለአየሩ ሰበቃ ይተዋል። ከጋሸና በድልብ አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚወርድ ልምድ ያለው የከባድ መኪና ሾፌር ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ አይጨርሰውም፤ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል። የመንኮራኩር መሐንዲሶች ሐሳብም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሾፌሮች «የአየር ፍሬን» የሚሉት ግን በታመቀ አየር የሚሠራ ሌላ ነገር ስለሆነ ከዚህኛው ጋር አይምታታ።

አየር ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከመርሳ ተነስቶ 4,260 ሜትር የሚደርሰው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ላይ የወጣ ሰው የሚያገኘው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ስድስት አሥረኛ ያህሉን ነው። 120 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ አየሩ በምድር ገጽ ካለው በብዙ ሚሊዮን እጥፍ የሳሳ ነው። ይሁንና በሰከንድ ሰባትና ስምንት ኪሎ ሜትር ለሚከንፍ አካል ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ያግላል፣ ወደ ኋላም ይገፋል።

የምህዋር ሕግ ደግሞ ለሰሚው ግራ የሚያጋባ ጠባይ አለው። መንኮራኩር በምህዋሯ ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ስትዘገይ በይበልጥ የሚወርደው በተቃራኒው በኩል ያለው ከፍተኛው ነጥብ ነው። ስለዚህ በየዙሩ ለጥቂት ደቂቃዎች አየሩን ነክታ ስትወጣ የተለጠጠው ሞላላ ምህዋር ቀስ በቀስ እየተሰበሰበ ወደ ክብነት ይጠጋል። ሥራው ወራት ይፈጃል። አብዝታ ዝቅ ካለች ትጎዳለች፤ አብዝታ ከፍ ካለች ደግሞ ጊዜው በከንቱ ያልፋል።

ሐሳቡ የጠፈር በረራ ከመጀመሩ ከ30 ዓመት በላይ ይቀድማል። በጀርመኗ ኤሰን ከተማ የግንባታ መሐንዲስ የነበረው ቫልተር ሆማን እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጠፈር የምትመለስ መርከብ የምድርን ከባቢ አየር ደጋግማ እየቆረጠች፣ በየዙሩ በሚያጥር ሞላላ መንገድ ፍጥነቷን ልትጨርስ እንደምትችል በስሌት አሳይቷል። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ጽዮልኮቭስኪና የሪጋው ተወላጅ ፍሪድሪክ ጻንደርም በአየር ስለመዘግየት ጽፈዋል። ደጋግሞ የመንካቱን ነገር በስሌት ቁልጭ አድርጎ በማስቀመጡ ግን ክብሩ ለሆማን ቢሰጥ አይበዛበትም።

ቃሉን ሕዝብ ጆሮ ያደረሰው ልብ ወለድ ነው። አርተር ክላርክ በ1982 ባሳተመው «2010» በተባለው መጽሐፍ ሊዮኖቭ የተሰኘች የሶቭየት መንኮራኩር የጁፒተርን ከባቢ አየር ጥሳ እያለፈች ፍጥነቷን ትቀንሳለች፤ በ1984 የወጣው ፊልምም ትዕይንቱን በእሳት አድምቆ አሳየው። መሐንዲሶች ግን እንዲህ ያለውን ኤሮካፕቸር ይሉታል፤ ከሩቅ የመጣች መንኮራኩር በአንድ ጊዜ በጥልቀት ገብታ ምህዋር የምትይዝበት ነው። ይህ እስካሁን በሌላ ፕላኔት ላይ ተሠርቶበት አያውቅም። ተመልካቹ ስሙን የለመደው ሌላ ነገር እያየ ነው ማለት ይቻላል።

የሚያከራክረው ግን ማን ቀድሞ ሠራው የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ስሟ የሚጠራው ቬነስን በራዳር ያጠናችው የአሜሪካዋ ማጀላን ናት። ማጀላን የካርታ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ የፕላኔቷን የስበት ኃይል በሚገባ ለመለካት ምህዋሯ ክብ መሆን ነበረበት፤ ለዚያ የሚበቃ ነዳጅ አልነበራትም፤ ለአየር ሰበቃ ተብላም አልተሠራችም። ከግንቦት 25 እስከ ነሐሴ 3 ቀን 1993፣ ለ70 ቀን የቬነስን አየር ስትነካ ከርማ 8,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረውን ከፍተኛ ነጥብ ወደ 540 ኪሎ ሜትር አወረደችው።

ከእሷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን የጃፓኗ ሂተን ነበረች። በጥር 1990 ከካጎሺማ የመጠቀችው ይህች ትንሽ መንኮራኩር ዋና ተልእኮዋ ወደ ጨረቃ የሚያደርስ የበረራ ጥበብ መፈተሽ ነበር። መጋቢት 19 ቀን 1991 ከጨረቃ አቅጣጫ ተመልሳ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በ125.5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከፓስፊክ ውቅያኖስ በላይ የምድርን አየር ነካች። የቀነሰችው ፍጥነት በሰከንድ 1.7 ሜትር ብቻ ነው። የምህዋሯ ከፍተኛ ነጥብ ግን ከ8,600 ኪሎ ሜትር በላይ ወረደ። በ11ኛው ቀን ወደ 120 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብላ ደገመችው። በ1973 የመጠቀችው የአሜሪካዋ አትሞስፌር ኤክስፕሎረር-ሲም በዚህ ክርክር ትነሳለች፤ እሷ ግን ከምድር ቅርብ ምህዋር ሳትወጣ፣ አየሩን ልታጠና ዝቅ እያለች የበረረች ናት።

ለማጀላን የሚከራከሩ ሰዎች የሂተን ሙከራ ብቻ ነበር ይላሉ። እውነት ነው፤ ሆኖም ሙከራም ቢሆን ከጨረቃ አቅጣጫ የመጣ ፍጥነት በአየር እንደሚቀነስ በተግባር ያሳየው እሱ ነው። ቀዳሚነቱ የሂተን፣ ለሥራ ማዋሉ የማጀላን ነው ቢባል ለማስረጃው ይቀርባል።

ዘዴው ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል የታየው በማርስ ላይ ነው። በኅዳር 1996 የመጠቀችው ማርስ ግሎባል ሰርቬየር አንደኛው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዋ ሲዘረጋ ክፍል ተሰብሮባት በትክክል ሳይቆለፍ ቀረ። አየሩን የሚገፉት ክንፎቿ ደግሞ እነዚያው ሰሌዳዎች ነበሩ። በጥቅምት 1997 ሰሌዳው ከቦታው አልፎ ሲታጠፍ ሥራው ለሳምንታት ቆመ። በኋላ ግፊቱን አሳንሰው፣ በዝግታ ቀጠሉ። በመጋቢት 1998 ሊጀመር የታሰበው የካርታ ሥራ በመጋቢት 1999 ተጀመረ። በ2001 ማርስ ኦዲሲ፣ በ2006 ማርስ ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር፣ በ2018 ደግሞ የአውሮፓዋ ትሬስ ጋዝ ኦርቢተር በዚሁ መንገድ ምህዋራቸውን አስተካክለዋል።

ኢትዮጵያ ኤሮብሬኪንግ የሚያስፈልጋት መንኮራኩር የላትም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ግን የዚሁ የአየር ሰበቃ ተገዢ ናት። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ሳተላይት የተሠራችው ስለ እርሻ፣ ስለ ድርቅና ስለ ጎርፍ መረጃ እንድትሰጥ ነው፤ ለሐብሩና ለመሰል ዝናብ አጠር ወረዳዎች የሚበጅ መረጃ ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ምህዋሯ ያለው አየር እጅግ ስስ ቢሆንም ጭራሽ የለም አይባልም። የፀሐይ ማዕበል ሲነሳ ከባቢ አየሩ ይነፋል፤ ሰበቃውም ይጨምራል። በየካቲት 2022 ስፔስኤክስ ካመጠቃቸው 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶች እስከ 40 የሚደርሱት በዚህ ምክንያት ጠፍተዋል፤ የነበሩት ግን 210 ኪሎ ሜትር አካባቢ ዝቅ ብለው ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ያለች ሳተላይት በአየር ሰበቃ ብቻ ወደ ምድር እስክትመለስ አሥርት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።