ጨውና የቆየ ጉድጓድ

እ.ኤ.አ. በ1957 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ለአገሩ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ባቀረበው ሪፖርት፣ ከኑክሊየር ነዳጅ የሚተርፈውን ጨረር አመንጪ ቆሻሻ ለመቅበር ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚጣልበት የጨው አለት መሆኑን አመለከተ። ጨው በውሃ የሚሟሟ ነገር እንደመሆኑ፣ በምድር ሆድ ውስጥ ሚሊዮን ዓመታት ሳይሟሟ መቆየቱ ራሱ ውሃ እንዳልዘለቀው ይመሰክራል። በጥልቀት ባለው ግፊትም ቀስ በቀስ እየሳበ የተሰነጠቀውን ይደፍናል፤ ሙቀትንም ከብዙ አለቶች በተሻለ ያስተላልፋል። ስለ አለቱ የተሰጠው ይህ ፍርድ በኋላ በደረሰው ውድቀት አልተሻረም። ስሕተቱ የተፈጸመው በጉድጓዱ ምርጫ ላይ ነው።

ኮሚሽኑ ሐሳቡን የፈተነው በካንሳስ ግዛት፣ ላየንስ በምትባል ከተማ፣ ከሥራ ውጭ በሆነ የጨው ማዕድን ውስጥ ነበር። ከ1965 ጀምሮ የኦክ ሪጅ ላቦራቶሪ መሐንዲሶች ያገለገለ የሪአክተር ነዳጅ ወደ ታች አውርደው ጨው ሙቀትንና ጨረርን እንዴት እንደሚሸከም ለኩ፤ ውጤቱም አጥጋቢ ሆነ። ነገር ግን በ1969 በኮሎራዶ በሚገኘው የሮኪ ፍላትስ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ከባድ እሳት ተነሣ። በፕሉቶኒየም የተበከለው ፍርስራሽ ወደ አይዳሆ ተጫነ፤ የአይዳሆ ፖለቲከኞችም ቆሻሻው እንዲነሣላቸው አጥብቀው ጠየቁ። ኮሚሽኑ ተጣድፎ በ1970 ላየንስን አጨ። ለሙከራ የተመረጠ ጉድጓድ፣ ዝግጁ ሆኖ በመገኘቱ ብቻ፣ የዘለዓለም መቃብር ሊሆን ነው።

የካንሳስ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ዊልያም ሃምብልተን ግን ጥርጣሬያቸውን አልደበቁም። አካባቢው ዘይትና ጋዝ ሲፈለግበት የኖረ ስለሆነ ጨውን ሰንጥቀው ያለፉ የተተዉ ቀዳዳዎች ነበሩበት፤ ሁሉም በሚገባ ስለመደፈናቸው ማረጋገጫ አልተገኘም። በዚያው አቅራቢያ ውሃ እየጨመረ ጨው የሚያሟሟ አንድ ኩባንያም በምድር ውስጥ የለቀቀው ብዙ መቶ ሺህ ሊትር ውሃ የት እንደገባ ጠፋበት። በ1972 ኮሚሽኑ ላየንስን ተወ።

ከዚያ በኋላ አሜሪካኖች ወደ ኒው ሜክሲኮ ሲሄዱ ያልተነካ ጨው ፈለጉ። በ1975 አንድ የምርመራ ቀዳዳ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ጨዋማ ውሃ ሲነካ ቦታውን ቀየሩ፤ 650 ሜትር ያህል ወርደው አዲስ ጉድጓድ ቆፈሩ። ሥፍራው በ1999 ሥራ ጀመረ፤ የሚቀበለው ግን የጦር መሣሪያ ሥራን ቆሻሻ እንጂ የኃይል ማመንጫዎችን አይደለም። በ2014 አንድ በርሜል ፈንድቶ ጨረር ያመለጠውም በአለቱ ጥፋት ሳይሆን በበርሜሉ ውስጥ ከናይትሬት ጋር በተደባለቀው የማይስማማ መምጠጫ የተነሣ ነው።

ምዕራብ ጀርመን ከላየንስ ትምህርት ለመውሰድ ጊዜ ነበራት፤ አልተጠቀመችበትም። በታችኛው ሳክሶኒ የሚገኘው አሰ 2 የተባለ የጨው ማዕድን በ1964 ሥራ ሲያቆም መንግሥት በማግሥቱ ዓመት ገዛው። ጎረቤቱ አሰ 1 በ1906 በውሃ ተጥለቅልቆ መቅረቱ የታወቀ ነበር። ሆኖም ከ1967 እስከ 1978 ድረስ 126,000 ያህል በርሜሎች፣ በ«ምርምር» ስም፣ ወደ አሰ 2 ወረዱ። መጀመሪያ በሥርዓት ይደረደሩ ነበር፤ ኋላ ግን ሎደር ከጨው ቁልቁለት ላይ ይደፋቸው ጀመር። ይህ ሠራተኞች በጨረር አጠገብ የሚቆዩበትን ጊዜ ያሳጥራል፤ ለመሐንዲስ የሚናቅ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዓይነት የተደፋ በርሜል አንድ ቀን ተመልሶ ይነሣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

የቀድሞዎቹ ጨው አውጪዎች ክፍሎቹን እስከ ጨው ጉብታው ደቡባዊ ጠርዝ ድረስ አስፍተዋቸው ስለነበር በጎን ያለው አለት ድጋፍ አጥቶ መንቀሳቀስ ያዘ። ከ1988 ጀምሮ በየቀኑ 12 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ሲገባ ቆየ። በ2008 በጨረር የተበከለ ጨዋማ ውሃ በማዕድኑ ውስጥ መኖሩ በአደባባይ ታወቀ፤ በ2009 አስተዳዳሪው ተለወጠ፤ በ2013 ደግሞ የጀርመን ፓርላማ ቆሻሻው በሙሉ እንዲወጣ በሕግ ደነገገ። የድሮው መውረጃ ለዚህ ሥራ ስለማይበቃ፣ በርሜሎቹን ለማውጣት በታቀደው መሠረት ከጎኑ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ያስፈልጋል።